ደም የሚያስፈስስ ትኩሳት፤ አስታማሚው ምን ይወቅ?

በዚህ ወር የጤና አምዳችን የምንነጋገርበት ጉዳይ የመጣልን ከአዳማ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በስፌት ሥራ ላይ ያሉ እህቶቻችን እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «አራት ሆነን በአንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የጂንካው በሽታ ሲወራ አንዷ ደባላችን ትኩሳት ይዟት አደረች። ስትመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ያን ሌሊት ግን ማን ይንካት፣ ማን ውኃ ያጠጣት እያልን ስንፈራ አነጋን። እውነተኛው በሽታ ቢሆን ኖሮ ምን ማድረግ ነበረብን? ሞት ቢመጣስ ጀናዛዋን ማን ያጥባል?»

ጥያቄው የአራት ሰዎች ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከልዩ ልዩ አካባቢ ብዙ ወጣቶችን ወደ ከተማዋ ስቧል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። እናት አጠገባቸው የለችም። አንዷ ስትታመም አስታማሚዋ ደባሏ ናት፤ ደባሏም በማግስቱ ፈረቃ አለባት። በዚያ ላይ አዳማ የመንገድ መገናኛ ናት። ከጅቡቲና ከድሬዳዋ የሚመጣው መኪና በአዋሽና በመተሐራ በኩል ይገባባታል። ከደቡብ የሚመጣው ደግሞ በሻሸመኔ፣ በዝዋይና በመቂ አድርጎ ሞጆ ይደርሳል፤ ከሞጆ አዳማ ቅርብ ነው። ስለዚህ ጂንካ ሩቅ ናት ብሎ መተኛት አያዋጣም። ጂንካ በሽታ ገባ በተባለ ቁጥር አዳማ ላይ የጎረቤትን እጅ መጨበጥ መፍራትም እንዲሁ አያዋጣም።

በመጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2025) በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ ተረጋገጠ። በሀገራችን ይህ በሽታ በምርመራ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። የቫይረሱ ዘር ሲጠና ቀደም ሲል በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች ከታየው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ከታመሙት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩባቸው። በሽታው በጂንካ ብቻ ሳይወሰን በስምጥ ሸለቆዋ ከተማ በሐዋሳም ታየ። በላቦራቶሪ ከተረጋገጠባቸው 14 ሰዎች 9ኙ ሞቱ፤ 5ቱ ዳኑ። ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ።

ከመጀመሪያው መግለጫ እስከ መጨረሻው ድረስ 73 ቀን ነው። ለዚህ በሽታ በይፋ የጸደቀ ክትባት የለም፤ ቫይረሱን እንደሚገድል ተረጋግጦ የጸደቀ መድኃኒትም የለም። ታዲያ በምን ቆመ? በአንድ ጥያቄ ነው። «ማንን ነካህ? ማንስ ነካህ?» የሚል ጥያቄ። የታመመው ሰው ከማን ጋር እንደተኛ፣ ማን እንዳጎረሰው፣ ልብሱን ማን እንዳጠበ፣ በየትኛው መኪና እንደተጓዘ፣ የትኛው ክሊኒክ መርፌ እንደተወጋ አንድ በአንድ ተጠይቆ፣ ስማቸው የተጠራው ሰዎች ሁሉ ለ21 ቀናት ትኩሳታቸው እየተለካ ይጠበቃሉ። ከእነርሱ አንዱ ቢታመም ሌላ ሰው ሳያስይዝ ወደ ሕክምና ይገባል። በዚህ ዓይነት የበሽታው መንገድ ይቆረጣል። የመጨረሻው በሽተኛ ነጻ ከሆነ በኋላም 42 ቀን ይቆጠራል፤ የ21 ቀን እጥፍ መሆኑ ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ሁሉ ሥራ የቆመው ሰው እውነቱን በመናገሩ ላይ ነው። አንዲት ልጅ «ያን ቀን እገሊት ቤት አድሬ ነበር» ማለትን ብትደብቅ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይጠፋል።

ስለ ቫይረሱ ራሱ ጥቂት እንበል። ማርበርግ የጀርመን ከተማ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በዚያች ከተማ፣ በፍራንክፈርትና በዩጎዝላቪያዋ ቤልግሬድ ከኡጋንዳ ለምርምር የተወሰዱ ጦጣዎችን ሲነኩ የነበሩ የላቦራቶሪ ሠራተኞች በማይታወቅ ትኩሳት ወደቁ። እነርሱንና አስታማሚዎቻቸውን ጨምሮ 31 ሰዎች ታመው 7ቱ ሞቱ። (ከአፍሪካ የሄደ በሽታ የጀርመን ስም ይዞ መመለሱ የዓለም ነገር ያሰኛል።) ኢቦላ የታወቀው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሲሆን ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው። የማርበርግ ቫይረስ በተፈጥሮ የሚኖረው በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በሚሰፍር ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ላይ ነው። የሌሊት ወፏን አያሳምማትም። ሰው ግን ዋሻ ገብቶ ሲቆይ ወይም በሌላ መንገድ ከእርሷ ጋር ሲነካካ ሊይዘው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሌሊት ወፍ አያስፈልግም፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

እንዴት ይሄዳል? እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስረዳ፤ የፍርሃቱም የጥንቃቄውም ልክ የሚታወቀው ከዚህ ነውና። ቫይረሱ በሕመምተኛው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ሽንት፣ ምራቅና ላብ ውስጥ ይገኛል። ወደ ጤነኛው የሚገባው እነዚህ ፈሳሾች የተቆረጠ ቆዳን፣ ዓይንን፣ አፍንጫን ወይም አፍን ሲነኩ ነው። ፈሳሹ የነካው አንሶላ፣ ልብስና መርፌም ያስተላልፋል። እንደ ጉንፋን በሩቅ በአየር አይበርርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕመሙ በሰውየው ላይ ሳይታይ በፊት አያስተላልፍም። ስለዚህ በፋብሪካው ሼድ ውስጥ ከጎናችሁ ተቀምጣ በጤናዋ የምትሰፋ ልጅ ከደቡብ ስለመጣች ብቻ አደጋ አይደለችም። ከዚህ በሽታ አደጋው ያለው ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው፤ ሕመሙ እየጠና በሄደ መጠንም አደጋው ይጨምራል። ለዚህም ነው በሽታው ዘወትር ደግ ሰዎችን የሚመታው፦ እናትን፣ ሚስትን፣ እህትን፣ ነርስን፣ ጀናዛ አጣቢን። እ.ኤ.አ. በ2024 በሩዋንዳ ሲነሣ ከታመሙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ።

ያው የሩዋንዳው ወረርሽኝ ሌላም ነገር አሳይቷል። ከ66ቱ የሞቱት 15 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 በአንጎላ ዑይዥ በተባለ አውራጃ በተነሣ ጊዜ ግን ከ252 ሰዎች 227ቱ ሞተው ነበር። ሕመምተኛው ቶሎ ተገኝቶ በግሉኮስ ፈሳሹ ሲተካለት፣ ደሙና ኩላሊቱ ሲታይለት የመዳን ተስፋው በጣም ይለወጣል። «ከገቡ አይወጡም» እየተባለ ስለ ማግለያ ማእከል የሚወራው ሰውን ቤት እያስቀረ ያስገድላል።

አሁን ወደ ኪራይ ክፍሏ እንመለስ። አንዲት ልጅ ማታ ከሥራ ስትመለስ ትኩሳት ያዛት፤ ራሷን ያማታል፤ ጅማቷ ሁሉ ይቆረጣጠማል። ይህ ወባ ሊሆን ይችላል፤ በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም እርሱ ነው። ታይፎይድም፣ ተስቦም፣ ግርሻም እንዲሁ ይጀምራሉ። ማርበርግም አጀማመሩ ከእነዚህ አይለይም። ከተነካኩበት ቀን ከ2 እስከ 21 ቀን ቆይቶ ድንገት በከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት ይነሣል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና ትውከት ይከተላሉ። ደም የሚታየው ብዙውን ጊዜ በአምስተኛው ቀንና ከዚያ ወዲህ ነው፤ በትውከት፣ በዓይነ ምድር፣ በድድ፣ በአፍንጫ ወይም መርፌ በተወጋ ቦታ ላይ። ብዙ ሕመምተኞች ዘንድ ግን ጎልቶ የሚታይ ደም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። «ደም አልታየባትም፤ ስለዚህ እርሱ አይደለም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የበሽታው ስም ራሱ በዚህ ረገድ ያሳስታል።

እንግዲህ በመልኩ መለየት ካልተቻለ በምን እንለየው? በምርመራና በጥያቄ። ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ የወባ ምርመራ ያድርግ። «እኔ ወባዬን አውቀዋለሁ» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቶ መተኛት ይቅር። ሁለተኛው ጥያቄው ነው፦ ባለፉት 21 ቀናት ወረርሽኝ ከተነገረበት አካባቢ መጥታለች ወይ? ትኩሳት ይዞት የሞተ ሰው ዘንድ ለቅሶ ሄዳለች ወይ? ጀናዛ አጥባለች ወይ? ዋሻ ገብታለች ወይ? ከነዚህ አንዱ ካለ፣ ወይም የወባ መድኃኒቷን እየወሰደች ከባሰባት፣ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ መንገር ያስፈልጋል። በባጃጅ ተጭኖ ከክሊኒክ ክሊኒክ መዞርም መልካም አይደለም፤ አስቀድሞ መደወል ይቻላል። የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ ቁጥር 8335 ሲሆን የጤና ሚኒስቴር ደግሞ 952 ነው። እነዚህን ቁጥሮች በክፍሉ በር ላይ መጻፍ ከባድ ሥራ አይደለም።

ስለ ማስታገሻም አንድ ነገር እንጨምር። በትኩሳት ጊዜ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው፤ አንዳንዱም አስፕሪን ይውጣል። እነዚህ ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጠባይ ስላላቸው፣ ትኩሳቱ ደም ከሚያስፈስሱት ወገን ከሆነ ጉዳቱን ያባብሳሉ። የትኩሳቱ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ውጉኝ ማለትማ በሁለት በኩል አደገኛ ነው፤ መርፌው ራሱ የበሽታ መንገድ ይሆናልና።

አምቡላንሱ እስኪደርስስ? እህቶቻችን ያን ሌሊት የፈሩት ይህንን ነበር። ታማሚዋን መተው አያስፈልግም፤ አራቱም እየተረባረቡ መንከባከብ ግን አይገባም። አንዲቷ ብቻ ታስታምም፤ ነፍሰ ጡር ያልሆነች፣ እጇ ላይ ቁስል የሌለባት ትሁን። ሌሎቹ ከክፍሉ ይውጡ፤ አከራዩም ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ቢፈልግላቸው ምንዳው የሚጠፋ አይደለም። አስታማሚዋ ጓንት ታድርግ። ጓንት ከሌለ ቀዳዳ የሌለው ፌስታል እጅ ላይ ማሰር ከባዶ እጅ ይሻላል። ውኃና ድሮ «ለምለም» እያልን የምንጠራውን ኦአርኤስ በብርጭቆ አጠገቧ አስቀምጣ፣ በራሷ መጠጣት የምትችል ከሆነ በራሷ ትጠጣ። ትውከቱና ተቅማጡ በባልዲ ይቀመጥ እንጂ ወደ ግቢው አይደፋ። መሬት ላይ የፈሰሰውን በደረቅ ጨርቅ ሸፍኖ፣ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና አንድ ኩባያ ከዘጠኝ ኩባያ ውኃ ጋር በጥብጦ ማፍሰስና ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። ልብሷና አንሶላዋ በእጅ አይታጠብ፤ በላስቲክ ታስሮ ባለሙያ ይጠብቅ። ጓንቱ ሲወልቅ ውጪው ቆዳን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ ወዲያው እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። ፊትን በዚያ እጅ አለመንካት ከሁሉ ይበልጣል።

በዚህ አጋጣሚ ለአሠሪዎች የምንለው አለን። በፋብሪካ ውስጥ አንድ ቀን የቀረች ሠራተኛ የቀኑ ደመወዟ ሲቆረጥ፣ ሳትቀር በመሥራቷ የምታገኘው ጉርሻም አብሮ ይቀርባታል። ስለዚህ ትኩሳቷን በኪኒን አፍና ስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። የትኩሳት መለኪያ በበር ላይ ማቆም ከዚህ በፊት በኮቪድ ጊዜ ያየነው ነው፤ ሕመሟን የተናገረች ልጅ የምትቀጣበት ቦታ ላይ ግን መለኪያው ብዙ አይጠቅምም። ፓራሲታሞል የዋጠች ልጅ ትኩሳቷ ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል፤ መለኪያውም ያሳልፋታል።

«ቀደር ከሆነ ምን መጠንቀቅ ያስፈልጋል?» የሚሉም አይጠፉም። ለነዚህ ወንድሞች የዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ በሀገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ከሰሓቦች ጋር ተማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ሲሏቸው፣ ዑመር ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሄድ መሆኑን፣ ግመሉን በለምለሙ የሸለቆ ዳር ያሰማራም በደረቁ ያሰማራም ሁለቱም በአላህ ቀደር እንደሚያሰማሩ በምሳሌ አስረዷቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት ሀገር መግባትንም ካለበት ሀገር ሸሽቶ መውጣትንም የከለከሉ መሆናቸውን ተናገሩ። ጂንካ ላይ የተነካካ ሰው ለ21 ቀን ባለበት ይቆይ መባሉ ለሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። በማርበርግ ወይም በኢቦላ የሞተ ሰው ገላ በሞት ጊዜ በቫይረስ የተሞላ ነው። ጀናዛ ማጠብ ደግሞ ገላን በእጅ መንካት፣ ሆድን በቀስታ መጫን፣ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ውኃውም ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ2014 አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነችው በጊኒ ኢቦላ ሲዛመት፣ ከታመሙት 60 በመቶ ያህሉ ከቀብር ሥርዓት ጋር የተያያዙ መሆናቸው ተነግሮ ነበር። በመጀመሪያ ሬሳው ያለ ቤተሰብ፣ ያለ ሰላት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወሰድ ስለነበር ሰዎች ሟቾቻቸውን እየደበቁ በሌሊት መቅበር ጀመሩ። በሽታውም በዚያው መጠን ሰፋ። እኛ እንደምናየው ጥፋቱ የሕዝቡ ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት እስላማዊና ክርስቲያናዊ ድርጅቶችን አማክሮ ክብር ያለው የቀብር ሥርዓት መመሪያ አወጣ።

በዚያ መመሪያ መሠረት ለሙስሊም ሟች የውኃ ትጥበቱ ቀርቶ በምትኩ ተየሙም ሊደረግለት ይችላል፤ ይህንንም የሚያደርገው መከላከያ ልብስ የለበሰ፣ የሠለጠነ ሙስሊም ነው። ከፈኑ ነጭ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ካልነካ በስተቀር ቆሞ ማየት ይችላል፤ ሰላተል ጀናዛ ከጀናዛው ራቅ ብሎ ይሰገዳል፤ የመቃብሩ ቦታም ለቤተሰቡ ይታወቃል። ውኃ መጠቀም ጉዳት ሲያመጣ ወደ ተየሙም መሄድ በሸሪዓችን የታወቀ መሆኑን፣ ጀናዛ ማጠብም ፈርደል ኪፋያ በመሆኑ ጥቂቶች ሲያደርጉት ከሌላው ላይ እንደሚወርድ አንባብያን ያውቃሉ። ዝርዝር ፍርዱን ለዑለማኦቻችን እንተዋለን። ከየመስጊዱ ኢማምና ከጀናዛ አጣቢዎች የምንለምነው ግን ጉዳዩ ዛሬ፣ በሽታ በሌለበት ቀን፣ ከጤና ቢሮ ጋር ተነጋግረው እንዲያልቅ ነው። አዳማ ላይ የሞተች ልጅ ቤተሰቧ ባሌ ወይም አርሲ ሆኖ «አስከሬኗን አምጡልን» እያለ ሲያለቅስ በዚያች ሰዓት መከራከር አይቻልም።

እስካሁን የተናገርነው በመነካካት ስለሚተላለፈው ነው። ደም የሚያስፈስሱ ትኩሳቶች ግን ሁሉም እንዲህ አይደሉም፤ እንዲያውም ለአዳማ ይበልጥ የሚቀርቡት በትንኝ የሚመጡት ናቸው። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ድሬዳዋ በደንጊ ትኩሳት ስትመታ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ታመዋል። ደንጊ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ይለቅቃል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን ከብዶ ደም ያስፈስሳል። ይህንን የምታመጣው ትንኝ የወባዋ ዓይነት አይደለችም። ረግረግ አትፈልግም፤ በግቢ ውስጥ ባለ በርሜል፣ በተጣለ ጎማ፣ ክዳን በሌለው ጀሪካን ውስጥ ትፈለፈላለች፤ የምትነክሰውም ቀን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት የኪራይ ግቢ ስንት በርሜል እንዳለ ቁጠሩ። በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሎቿ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ያለ ውኃ ለወራት ስለሚቆዩ በየሳምንቱ በብሩሽ መፈግፈግና መክደን ያስፈልጋል። በሌሊት ፈረቃ ሠርታ ቀን የምትተኛ ልጅ አጎበሯን ቀንም ትዘርጋ።

ቢጫ ወባም ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዴዴሳ ወንዞች ሸለቆ የተነሣው በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ሲሆን ወደ 100 ሺህ ሰዎች ታመው 30 ሺህ ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል። የዛሬይቱ ጂንካ ያለችበት ደቡብ ኦሞ እንግዲህ ይህንን ዓይነት መከራ ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ቢጫ ወባ በ2005 ዓ.ም. እዚያው ተመልሶ ታይቷል። ትኩሳት ኖሮ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባሕል መድኃኒት ብቻ የሚሮጥ አለ፤ ሐኪም ዘንድ መቅደም አለበት። ለዚህኛው ደግሞ ክትባት አለው። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች ቢጫ ካርድ የሚጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። ክትባቱን ከጉዞው 10 ቀን በፊት መውሰድ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህም አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። ካርዱን ሳይከተቡ በገንዘብ የሚያጽፉ መኖራቸውን እንሰማለን። ትንኝ ማኅተም አታነብም።

በስም «የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት» የሚባል በሽታም አለ። የኛዎቹን ከተሞች አንባብያን እንዳያስደነግጥ፣ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በታወቀበት በኬንያው ስምጥ ሸለቆ፣ በናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ ነው። በዋናነት የበግ፣ የፍየልና የከብት በሽታ ሲሆን ሰውን የሚይዘው በትንኝና የታመመ እንስሳ ደም በመንካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሳዑዲዋ ጂዛንና በየመን ብዙ ሰው ገደለ። ሳዑዲ ዐረቢያም ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ ዘጋች፤ የሶማሌ አርብቶ አደሮቻችን በገበያ ማጣት ለዓመታት ተቸገሩ። ለዒደል አድሓ የሚታረድ እንስሳ ሕመሙ በግልጽ የሚታይ ከሆነ ለኡድሒያ እንደማይበቃ እናውቃለን፤ ከበሽታ አንጻርም ነገሩ ያው ነው። የጨነገፈ ግልገልን በባዶ እጅ አለመንካት፣ ወተትን አፍልቶ መጠጣት፣ ሲያርዱ እጅ ላይ ቁስል ካለ ለሌላ ሰው መስጠት ነው።

ስለ ዳኑት ሰዎች ሳንናገር ብንቀር ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። ከማርበርግ ድኖ በምርመራ ነጻ የተባለ ሰው በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም በአንድ ክፍል በማደር በሽታ አያስተላልፍም። ለባለትዳሮች ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ። ቫይረሱ በወንድ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ የዳነ ባል በተደጋጋሚ ምርመራ ነጻ እስኪባል ወይም ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሐኪሙ በሚያዝዘው ጥንቃቄ መቆየት አለበት። ይህን ለሚስት መንገር ነውር አይደለም።

ከዚያ ውጭ የዳነችው ልጅ የሚያስፈልጋት ሌላ ነው። በሕመሙ የነካካችው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ልብስ ተቃጥሎ ይሆናል። ጉልበቷም ለሳምንታት አይመለስም፤ ፈረቃ መቆም አትችልም፤ የክፍሉ ኪራይ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። በሠፈሩ ዕድር ወይም በመስጊዱ ጀማዓ በኩል አንድ ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስና የአንድ ወር ድርሻዋን ኪራይ ማዘጋጀት ይቻላል።